እስኪመጣ ቦታውን ያዢ

ሩሯ ከገደሉ ተመልሳ ስትመጣ ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ ወዲህ ስንት ዘመን አለፈ። ወልጃለሁ፣ ቀብሬያለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ያቺ ደስታ ግን እስከ ዛሬ ታባንነኛለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህ የልጄ ልጅ ደብረ ብርሃን ተማሪ ቤት ገብቶ መጻፍ ስላወቀ፣ እኔ ልናገር እሱ ይጻፈው። እናንተም ልጆች ያላችሁ፣ አደራ ስሙኝ።

ጊዜው የንጉሡ ግቢ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ ወጥቶ ከተማችን ጭር ማለት የጀመረ ሰሞን ነው። ከብት ያለቀበት ክፉ ቀን ገና አልመጣም። ቤታችን ከአንኮበር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ከገደሉ አፋፍ አጠገብ ነበር። አባቴ ቆዳ አልፊ ነው። የበሬ ቆዳ እየተለተለ የአልጋ ጠፍር፣ መጫኛ፣ የቀንበር ማሰሪያ ያወጣል። የገና በዓል ሲደርስ ደግሞ በዱላ የምትለጋውን የሰፈሩን ሩር የሚጠቀልለው እሱ ነበር። ጠፍሩን እርጥብ እንዳለ እያጠበቀ የጭብጥ ያህል አድርጎ ይጠቀልላትና ከምድጃው በላይ ይሰቅላታል። ስትደርቅ ድንጋይ ነች፤ አጥንት ላይ ካረፈች አጥንቱን ነው የምትሰብረው።

ሽፈራው የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ጢሙ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ ረጅም ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። ቤት ውስጥ ሌላ ወንድ ልጅ ስለሌለ አብሮት ሩር የሚለጋ ሲያጣ እኔን ከጓሮ ይወስደኛል። አባቴ አበላሽቶ የጣላት አንድ ጎድጓዳ ሩር ነበረችን። ዱላውን እንዴት እንደምይዝ፣ እንዴት ዝቅ ብዬ እንደምመታ፣ ከሰው ዱላ ሥር ሩሯን እንዴት ፈልቅቄ እንደማወጣ ያስተማረኝ እሱ ነው። እናቴ ትቆጣለች። ሴት ልጅ ዱላ ይዛ ስትሮጥ ማን ያገባታል ትላለች። አባቴ አንድ ቀን ከሥራው ቀና ሳይል፣ “እሷን ሮጦ የሚደርስባት ያገባታላ” አለና እናቴ ሳትወድ ሳቀች። እኔ ያን ጊዜ ገና አልታጨሁም፤ ጡቴ ማጎጥጎጥ መጀመሩ ነው።

በገና ዕለት ግን የሚጫወቱት ወንዶች ናቸው። እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እልል እንላለን፣ እንሳደባለን። ስድቡ በዚያ ቀን ለሁሉም የተፈቀደ ነው። ጭሰኛ ባላባቱን ቢዘልፍ ባላባቱ ስቆ ያልፋል። በጨዋታው እግሩ የተሰበረ፣ ጥርሱ የረገፈም ቢኖር አይካሰስም። የሜዳው ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ሩሯን ከሜዳ ያስወጣ ሰው ራሱ ሄዶ ያመጣታል። ሩሯ ተመልሳ ሜዳው ውስጥ ካረፈች ጨዋታው ከዚያው ይቀጥላል። ቆዩ፣ እገሌ አልደረሰም፣ ብሎ ነገር የለም። እንዲህ ሲባል ነው የኖረው፤ ማንም ለምን ብሎ አያውቅም።

የዚያን ዕለት እኛ ላይ ሰፈሮች ከታች ሰፈሮች ጋር ገጠምን። ሜዳው በአንድ ወገን ገደል ነው። ከሰዓት በኋላ ከቆላው ጉም እየተሳበ ይመጣና አፋፉን ያለብሰዋል፤ ይህን የማያውቅ የለም። የእኛ አለቃ በየነ የሚባል ሰፊ ትከሻ ያለው ልጅ ነው። የታች ሰፈሮቹ ድንቁ ይባላል፤ ከዱላው ይልቅ ምላሱ የሚፈራ ነው። እነሱም አገቡ፣ እኛም አገባን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀድሞ የሚያገባ ይረታል ተባለ።

ሽፈራው ከድንቁ ዱላ ሥር ሩሯን ፈልቅቆ አወጣትና በኃይል ለጋት። ዱላው ድንጋይ ገጨ መሰለኝ፣ ሩሯ ወደ ጎን ሄዳ ገደሉ ውስጥ ገባች። ታች ሰፈሮች አጨበጨቡ።

ድንቁ፣ “ሂድ አምጣት። በዚያውም ለጭላዳዎቹ እንኳን አደረሳችሁ በላቸው” አለው።

ሽፈራው፣ “ዘመዶችህ ስለሆኑ ሰላምታህን አደርሳለሁ” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ድንቁም ሳቀ። ሽፈራው ጋቢው እንዳያደናቅፈው አውልቆ ወደ እኔ ወረወረው፤ ዱላውን እየተመረኮዘ ወደ ገደሉ ወረደ። እየሳቀ ነው የወረደው። መጨረሻ ያየሁት ራሱን ነው፤ ጸጉሩን።

ጠበቅን። ስንጠብቅም ዝም አላልንም። ታች ሰፈሮች ዘፈን አወጡ፣ የእኛዎቹ መለሱ፤ እኛ ሴቶቹም አጨበጨብን። በዚህ መሀል ጉሙ መጣ። መጀመሪያ የጽዱን ዛፍ ዋጠው፤ ቀጥሎ አፋፉን ዋጠው። በየነ አንድ ሁለቴ ስሙን ተጣርቶ በዘፈኑ መሀል መልስ አልሰማም።

ከዚያ ሩሯ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለች። ወደ ላይ ተወርውራ ወጣች፤ ሣሩ ላይ ነጠረችና ከሜዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ ተንከባለለች። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። እኔም እልል አልኩ።

ታች ሰፈሮች ወዲያው ተንቀሳቀሱ፤ ሕጉ ነዋ። በየነ እየሮጠ ወደ አፋፉ ዞር ብሎ ሽፈራውስ አለ። ከኋላ አንዱ እየወጣ ነው ብሎ መለሰ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አይቶም አልነበረም። ሩሯ ከመጣች ሰውዬውም ይመጣል ብሎ ነው።

ድንቁ እየሳቀ፣ “በየነ፣ ሰው ከጎደለህ ከሴቶቹ ሙላ እንጂ” አለ። ሊያናድደው ነው።

በየነ ቆመና ወደ እኛ ተመለከተ። እኔን አየኝ። “እንዳልክ እሞላለሁ። አስካለ፣ ነይ” አለ። ሴቶቹ ገፍተው አወጡኝ። ጋሼ ይቆጣኛል አልኩት።

“እሱ አይደል ያስተማረሽ? እስኪመጣ ቦታውን ያዢ” አለና ትርፍ ዱላ እጄ ላይ አኖረ።

የወንድሜን ጋቢ እወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከጓሮ ውጭ፣ ሰው ፊት፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ሮጬ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ሩሯን ከአንዱ ሰውዬ እግር ሥር ወስጄ ለበየነ ሳሳልፍለት ሳቁ ቀነሰ። ከዚያ ወዲያ ብርዱም አልተሰማኝ፣ እናቴም ትዝ አላለችኝ። ደስታ የሚባል ነገር ካለ ያ ነው።

በዚያ መሀል ከአፋፉ በኩል ስሜን ሰማሁ። አስካለ የሚል። ጉም ስለሆነ አይታይም። ሽፈራው ወጥቶ ዳር ቆሞ የሚያየኝ፣ በርቺ የሚለኝ መሰለኝ። ልቤ ሞቀ። በየነ ሩሯን ሰደደልኝ፤ ወንድሜ እንዳስተማረኝ ዝቅ ብዬ በሙሉ ጉልበቴ ለጋኋት። ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ጫጫታ ነው። ተሸከሙኝ። ሴት አገባችባችሁ እየተባለ ታች ሰፈሮች ተዘፈነባቸው፤ ድንቁ ሻሹን ፈቶ ራሴ ላይ አሰረልኝ። እንደ ደንቡ ረቺዎቹ እየጨፈሩ ወደ ባላባቱ ቤት ሄዱ። እኔ ጋሼ የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ ፊት ሄዷል አለኝ፤ አንዱ በታቹ መንገድ ዞሮ ቤት ገብቷል አለኝ። ሁለቱም እውነት መሰሉኝ። ቤት ገባሁ። እናቴ እሱ ከረቺዎቹ ጋር ባላባቱ ቤት ነው አለች፤ እኔን ሻሽ አስሬ ስታየኝ መቆጣቱን ትታ አፏን ያዘች። አባቴ አመሻሽ ላይ ከባላባቱ ቤት ብቻውን መጣ። ሽፈራውስ ስንለው፣ “ከእናንተ ጋር አይደለም እንዴ?” አለ። ያን ጊዜ ነው ጋቢውን ወገቤ ላይ ያየሁት።

ወንዶቹ ችቦ አብርተው ወጡ። አባቴ፣ “ሩር የወረወረ ሰው ቆሟል ማለት ነው፤ የቆመ ሰው ደግሞ ይሄዳል። ጉሙ አሳስቶት በታቹ መንገድ ወርዷል” አለ። ሁሉም ልክ ነው አሉ። ስለዚህ ማንም አፋፉ ሥር አልፈለገውም። ዞረው ወደ ታች፣ ወደ ጫካው ወረዱ። ሌሊቱን ከሩቅ ሲጠሩት ይሰማን ነበር። ውርጭ የወረደበት ሌሊት ነው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነበር የነጋው።

ሲነጋ ጉሙ አልተነሣም። ወንዶቹ አልተመለሱም። እናቴና እኔ ሜዳው ላይ ቆመናል። እናቴ አታለቅስም፤ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ትጠመዝዛለች። እኔ ሩሯ የነጠረችበትን ቦታ ፈለግሁ። እዚህ ካረፈች የተወረወረችው ከዚህ ትይዩ ነው ብዬ እስከ አፋፉ ሄድኩ። በደረቴ ተኝቼ ራሴን ወደ ገደሉ አወጣሁ። ነጭ ጉም ነው፤ ምንም አይታይም። “ጋሼ” አልኩ።

ምንም የለም። ትንፋሼን ዋጥኩ። ቆየት ብሎ እንጨት በድንጋይ ላይ ሲመታ ሰማሁ። ቀስ ብሎ ነው። ያቆምና እንደገና ይመታል። ድምፁ ከሩቅ የመጣ አልነበረም። ከአገጬ ሥር ነው።

እናቴ መጥታ አጠገቤ ተኛች። ጉሙ ለአፍታ ሳሳ። ወንድሜ ከአፋፉ ሥር፣ አልጋ በምታህል የድንጋይ እርከን ላይ ተጋድሟል። እናቴ መቀነቷን ፈታ ወደ ታች ለቀቀችው። ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ይህን ያህል ቅርብ ነበር። መቀነቱን እያወዛወዘች፣ “መጣሁ የኔ ልጅ፣ መጣሁ” ትላለች፤ እሱ እጁን ሊያነሣ ሞከረና አልቻለም።

እኔ ወንዶቹን ፍለጋ እየጮህኩ ሮጥኩ። አባቴ መጫኛ ይዞ መጣ። ራሱ አልፍቶ፣ ራሱ ገምዶ ለገበያ ያዘጋጀው ነው። በየነ በመጫኛው ታስሮ ወረደ፤ ከላይ አባቴና ድንቁ ያዙት። ሽፈራውን ሲያወጡት በውርጩ ደርቆ እንጨት ሆኖ ነበር። ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል። ጋቢውን አለበስኩት። አሁን ምን ያደርግለታል።

ቤት ወስደን እሳት ዳር አስተኛነው። ወጌሻ ተጠራ። ከሰዓት በኋላ አፉ ተፈታለትና መናገር ጀመረ። ሰፈሩ ሁሉ ቤታችን ውስጥ ነው፤ በየነም ድንቁም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ሲወርድ እግሩ እንደከዳው፣ ሩሯም እሱም እዚያው እርከን ላይ እንዳረፉ ነገረን። ቢጣራ እኛ እንዘፍናለን። ቢጮህ እናጨበጭባለን።

“ሩሯን ልወርውርላቸው፣ ሩሯን ሲያዩ እኔን ያስታውሳሉ ብዬ ወረወርኳት” አለ። “እናንተ እልል አላችሁ።”

በየነ ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ከቤት ወጣ። ድንቁ ግን እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ሽፈራው ዓይኑን አዙሮ ማን እንዳገባ ጠየቀ። መዋሸት ይቻል ነበር፤ እሱን መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

“እኔ” አልኩት።

“አንቺ?” አለ። ከንፈሩ ሳቅ ሊል ሞከረ። “ዝቅ ብለሽ ነው የለጋሻት?”

“ዝቅ ብዬ።”

“በርቺ ሲሉሽ ሰምቼ እንደገባሽ አውቄያለሁ። ጠርቼሽ ነበር እኮ።”

ምንም የቂም ነገር አልነበረበትም። እንደ ተራ ወሬ ነው ያለኝ። ይኸው ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።

ቁስሉ አመረቀዘ። ትኩሳቱ አልለቀቀውም። ጥምቀት ሳይደርስ ሞተ። ታቦት ሊወርድ ሰው ነጭ ለብሶ ሲወጣ እኛ ከቀብር ነበርን።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ምንም አልሆነም። በገና የተጎዳ አይካሰስም ብያችኋለሁ። ዳኛ አልተጠራም፣ ሽማግሌ አልተቀመጠም። ማንም ጥፋተኛ አልተባለም፤ ስለዚህም ማንም ነጻ ነህ አልተባለም። ካሳ ቢኖር ተከፍሎ ያልቅ ነበር። ድንቁ ከዚያ ወዲያ ዱላ አልያዘም። በየዓመቱ ጨዋታ ሲጀመር ወደ አፋፉ ይሄድና እስኪያልቅ ድረስ ቁልቁል እያየ ይቆማል። ስድብ ያውቅበት የነበረው ሰው አንድ ቃል አይወጣውም። እንዲህ እያደረገ ነው ያረጀው።

በዓመቱ ገና ሲቀርብ በየነ ቤታችን መጥቶ እደጃፍ ቆመ። የሽፈራውን ቦታ የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ ጎረምሶቹ ይፈሩታል አለ። የመለሰችው እናቴ ነች፤ ዱላ ይዤ ስሮጥ የምትቆጣው እናቴ። “የጀመረችው እሷ ነች፤ እሷ ትያዘው። ሌላ ሰው እዚያ ቆሞ ባየው አልችልም” አለች። ቀሚሴን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ የሰደደችኝ ራሷ ነች።

ስለዚህ ተጫወትኩ። እስክዳር ተጫወትኩ፣ ከተዳርኩም በኋላ ባሌ ሳቅ እያለ ለቀቀኝ። መጀመሪያ ሰው ለጉድ ያየኝ ነበር፤ በኋላ ለመደኝ። ጥሩ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። ግን ስጫወት ደስ ይለኝ ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ሰው ሲጮህልኝ ጆሮዬ ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ ይፈልጋል። ባገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ወደ አፋፉ መዞር ነው። ዛሬም የምጣድ ክዳን ሲወድቅ፣ እንጨት ሲፈለጥ፣ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ። ልጆቼ በዚህ ይስቁብኝ ነበር።

ክፉው ቀን መጥቶ ከብቱ ሲያልቅ፣ ሰዉም ሲረግፍ፣ ሩር የሚጠቀለልበት ቆዳ እንኳ ጠፍቶ ለብዙ ጊዜ ገና ያለ ጨዋታ አለፈ። ቀኑ ሲቀና የተረፉትን ልጆች ሰብስቦ የሚያስተምር ሰው አልነበረም፤ በየነም ሞቷል። እኔ ጀመርኩ። ከጨርቅ ሩር ሠራሁ። ወንዱንም ሴቱንም፣ የባላባቱንም የጭሰኛውንም አስተማርኩ። አሁን ጺም ያላቸው፣ የልጅ አባት የሆኑ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እየሳቁ ዝቅ ብለው ዱላ የያዙ ይመስላሉ።

በእኔ ሜዳ ግን አንድ ሕግ አለ። ሩር ሲወጣ ሁሉም ይቀመጣል። ዝም ይላል። ዘፈን የለም፣ ስድብ የለም። ሩሯ ብቻዋን ብትመጣ ማንም አይነካትም፤ ያመጣት ሰው በእግሩ ሜዳው ውስጥ እስኪቆም ድረስ ሣሩ ላይ ትቀመጣለች። ልጆች ይሰለቻሉ። የሌላ ሰፈር ልጆች የእትዬ አስካለ ጨዋታ ቅዳሴ ነው እያሉ ያፌዙባቸዋል። ያፊዙ።

እናንተ የምታነቡት፣ እኔ ስለ ጨዋታ ብቻ አይደለም የማወራው። ሰው ተቸግሮ የላከው ነገር እጃችሁ ሲገባ፣ ነገሩን ይዛችሁ እልል አትበሉ። ማን ነው የላከው በሉ። የት ነው ያለው በሉ። እኛ ክፉ ሰዎች አልነበርንም። እንወደው ነበር። ዓይናችን ሩሯ ላይ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ባለፈው ገና አንዲት ትንሽ ልጅ ሩሯን ወደ ቁጥቋጦው ሰደደቻት። ገደል የለበትም፤ ቦታውን ድሮ ነው የቀየርኩት። ልትፈልግ ገባች። ልጆቹ ተቀመጡ፣ ዝም አሉ። ቆየች። በጣም ቆየች። ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ። ልሄድ ስል ከቁጥቋጦው ወጣች። አፏን ቀጋ ሞልቶታል፣ ጉንጯ አብጧል። ልጆቹ አጉረመረሙባት፤ እኛ እዚህ ደርቀን አንቺ ቀጋ ትለቅሚያለሽ ተባለች። አፍራ ራሷን ደፍታ ወደ እኔ መጣችና ሩሯን ዘረጋችልኝ።

እኔ ሩሯን አልተቀበልኳትም። እጇን ነው የያዝኩት። ሞቃት ነበር።